ዝናብ የመታው ጠመንጃ፦ ውሃው የት እንደሚደበቅ፣ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጣ

ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ሌሊቱን በር ላይ የቆመ ጥበቃ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካ አጥር ሥር ያደረ ዘበኛ ጠዋት ቤቱ ሲገባ የሚያደርገው አንድ ነው፦ ጠመንጃውን በጨርቅ ያብሳል፣ ዘይት ይቀባል፣ ይሰቅለዋል። ከሳምንት በኋላ ከላይ የሚያብረቀርቀው ጠመንጃ ውስጡ ቀልቷል፤ ሞላው ይንቋቋል፣ የመርፌው (የጥይቱን ቂጥ የሚመታው ሹል ብረት) ጉድጓድ በዝገት ተይዟል፣ ሰደፉ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል።

ስህተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዘይት ውሃን አያስወጣም፤ ከላይ ሆኖ ያሽገዋል። መጀመሪያ ውሃው ይውጣ፣ ቀጥሎ ይድረቅ፣ ዘይት የመጨረሻው ነው። ውሃው እንዲወጣ ደግሞ መውጫው የት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መውጫው ከአምራች አምራች ይለያያል። ይህ መመሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይዘው ለታጠቁና በሥራቸው መሣሪያ ለተሰጣቸው ሰዎች የተጻፈ ነው። ትልቁ ክፍል ስለ ክላሽ ነው። ኤም 16 እና ኤም 4 ዓይነት የያዘ ደረጃ 5ን ሳያነብ እንዳያልፍ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ንጹህ የጥጥ ጨርቅ፦ ያረጀ አቡጀዲ ይበቃል። 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 ቁራጭ ቅደዱ። ክሩ የሚረግፍ ፎጣ አይሁን።
- የጠመንጃው የራሱ መጥረጊያ ዘንግና ብሩሽ
- ያረጀ የጥርስ ብሩሽ
- ነጭ ጋዝ፦ አንድ የሻይ ብርጭቆ
- የመሣሪያ ዘይት፦ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ እንኳ ይተርፋል
- ቀጭን የመዳብ ሽቦ፦ አንድ ስንዝር ያህል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ተልጦ የሚገኘው
- የብስክሌት ፓምፕ
- የእጅ ባትሪ
- ክፍሎቹ የሚደረደሩበት ነጭ ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ

ቤንዚን አትጠቀሙ። ቶሎ ስለሚተን ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ከሰል በተያያዘበት ቤት እሳት ያስነሳል። ነጭ ጋዝም ቢሆን ውጭ ወይም መስኮት ተከፍቶ ነው።

ጠመንጃውን ይዛችሁ ጎሚስታ ቤት ለኮምፕረሰር አትሂዱ። መሣሪያ ይዞ ሰው መሃል መግባቱ ራሱ አደጋ ነው፤ በዚያ ላይ ኮምፕረሰሩ ጋኑ ውስጥ ያጠራቀመውን ውሃ ከአየሩ ጋር ይተፋል፤ ያደረቃችሁትን መልሶ ያረጥበዋል። የብስክሌት ፓምፕ ይበልጣል።

ደረጃ 1፦ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

1. አፈሙዙን ሰው ወደሌለበትና ጥይት ወደማይነጥርበት አቅጣጫ አዙሩ። ለስላሳ አፈር ይሻላል፤ ሲሚንቶ ወለል ያነጥራል።
2. ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ።
3. ካዝናውን ንቀሉ። ሁልጊዜ ካዝናው ነው የሚቀድመው። ካዝናው ሳይነቀል ማቀባበያውን የሳበ ሰው አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላ ያጎርሳል።
4. መጠበቂያውን ዝቅ አድርጉ። ክላሽ ላይ መጠበቂያው ወደ ላይ እንዳለ ማቀባበያው ወደ ኋላ አይሄድም።
5. ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው ሳቡና ያዙት። በዓይን እዩ፣ ከዚያ ትንሿን ጣት መጉረሻው ውስጥ አስገብታችሁ ዳስሱ። ጨለማ ከሆነ የሚታመነው ጣት ነው።
6. ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ከጠመንጃው ጋር አንድ ማዳበሪያ ላይ አይቀመጡም።

ጥይቱ ከወጣ በኋላ፣ ደረጃ 8 እስክትደርሱ ድረስ፣ ምላጩን ለመሞከር ብላችሁ አትሳቡ። ዋናው ቱቦ ውስጥ ውሃ ወይም ጭቃ ካለ የሚተኮስ ጥይት ቱቦውን ሊያብጠው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ሳይፈታ ማንጠፍጠፍ

ይህ አንድ ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

በመጀመሪያ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ ማቀባበያውን ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳቡና ያዙ። ቦልቱ ከኋላ ቱቦውን ዘግቶ ከቆየ አየር ስለማይገባ ውሃው አይወርድም። 7.62 ሚሊ ሜትር ክላሽ ላይ ውሃው በራሱ ይፈስሳል። 5.45 እና 5.56 ላይ ግን ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ውሃው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቦልቱን ከፈት አድርጋችሁ 10 ሰከንድ ያህል እየነቀነቃችሁ ያዙት።

ቀጥሎ ጠመንጃውን ገልብጡና ሰደፉን ወደ ታች አድርጉ። አፈሙዙን ዘቅዝቆ በዝናብ መሄድ ልማድ ነው፣ ልማዱም ጥሩ ነው፤ ዋናውን ቱቦ ያድናል። ግን በሆዱ (ቦልቱ በሚቀመጥበት መሃለኛ ክፍል) እና በሰደፉ በኩል የገባው ውሃ ወደ ፊት ይሰበሰባል እንጂ አይወጣም። ስለዚህ ሁለቱም አቅጣጫ ያስፈልጋል፣ መጀመሪያ አፈሙዝ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ሰደፍ ወደ ታች።

በመጨረሻ ካዝና የሚገባበትን ክፍት ቦታ ወደ መሬት አዙራችሁ ጠመንጃውን ጠፍጠፍ አድርጉት። ክላሽ ሆዱ ውስጥ የገባውን ውሃ የሚያስወጣበት ትልቁ በር ይህ ነው።

ደረጃ 3፦ ክላሹን መፍታት

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። የፈታችሁትን በፈታችሁበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሩ፤ ሲገጠም ከቀኝ ወደ ግራ መመለስ ብቻ ይሆናል።

1. ሰደፉ የእንጨት ከሆነ ከኋላ ያለውን ክዳን በጣት ገፍታችሁ የመጥረጊያ ዕቃዎቹን ቆርቆሮ አውጡ። የብረት ታጣፊ ሰደፍ ይህ የለውም።
2. መጥረጊያ ዘንጉን ከዋናው ቱቦ ሥር መዝዙ።
3. ከላይ ክዳኑ ኋላ የምትወጣውን የሞላ ዘንግ ጫፍ በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ተጭናችሁ ክዳኑን ከኋላ አንሱ።
4. ሞላውን ከነዘንጉ ወደ ፊት ገፍታችሁ ከጎድጎዱ አስለቅቁና አውጡ። ሌላውን እጅ ከላይ አድርጉ፤ ከተለቀቀ ይፈናጠራል።
5. ተሸካሚውን (ቦልቱን ይዞ የሚንሸራተተውን ብረት) ከነቦልቱ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳቡና ወደ ላይ አንሱ።
6. ቦልቱን ከተሸካሚው ወደ ኋላ ገፍታችሁ፣ አዙራችሁ፣ ወደ ፊት አውጡ።
7. ከኋላ ማነጣጠሪያው በስተቀኝ ያለውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ላይ አዙራችሁ የጋዝ ቱቦውን ከነእንጨቱ አንሱ።

መቆለፊያው በዝገት ከተያዘ በመዶሻ አትምቱት። የመጥረጊያ ዕቃዎቹ ቆርቆሮ ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው፤ መቆለፊያውን በእሱ ይዞ ማዞር ይቻላል። ካልሆነ ነጭ ጋዝ አንጠባጥባችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ክላሽ ውስጥ ውሃ የሚደበቅባቸው ቦታዎች

*የመርፌው ጉድጓድ።* ከሁሉም በላይ አደገኛው ይህ ነው። ክላሽ መርፌው በብዛት ያለ ሞላ ልቅ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ቦልቱን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁ፤ መርፌው ሲንኳኳ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ውሃ፣ ዝገት ወይም የረጋ ዘይት ይዞታል። መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ ከተጣበቀ ጥይት ሲጎርስ ምላጭ ሳይነካ ሊተኮስ ይችላል። ቦልቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት እንጨት ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ በፓምፕ ንፉበት። አሁንም ካልተንኳኳ ያ ጠመንጃ ባለሙያ ሳያየው ጥይት አይጎርስም። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት አትጨምሩ።

*የጋዝ ቱቦው።* በድሮው ኤኬ 47 የትርፍ ጋዝ መውጫ ቀዳዳዎች የጋዝ ቱቦው ጎን ላይ ናቸው፤ ከእሱ ተሻሽሎ በወጣው ኤኬኤም ግን ከቱቦው ተነሥተው ወደ ፊት፣ ጋዙ ከዋናው ቱቦ ወደሚወጣበት ብረት ተዛውረዋል። ጎኑ ላይ ቀዳዳ ያለው በዝናብ ውሃ በቀላሉ ያስገባል፣ በቀላሉም ያስወጣል። ቀዳዳ የሌለው ከእንጨቱ ሥር ውሃ አቁሮ ይቆያል፤ ቱቦውን አቁማችሁ ለ10 ደቂቃ አንጠፍጥፉት፣ ከዚያ ጨርቅ በዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፉ።

*የአፈሙዙ ቆብ።* የብሎን ጥርሱ ውስጥ ውሃ ይዞ ይዝጋል፣ ከዓመት በኋላ አልፈታ ይላል። ኤኬኤም ላይ ጎኑ ያለችውን ትንሽ መያዣ ተጫኑና ከፊት ቆማችሁ ስታዩት ወደ ቀኝ አዙሩ። ጥርሱ የግራ ነው፤ እንደ ተለመደው ብሎን ወደ ግራ የሚታገል ሰው ያጠብቀዋል።

*የሰደፉ ጉድጓድ።* ቆርቆሮው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ማስወጫ የለውም። ጨርቅ በእንጨት ጠቅልላችሁ ምጠጡት፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አሳድሩት።

*ካዝናው።* የታችኛውን ክዳን አውጡ፣ ሞላውን አውጡ፣ አድርቁ። ካዝና ውስጥ ዘይት አይገባም፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ጥይቱንም ያዝላል።

የዋናው ቱቦ ውስጥ ደግሞ እንደ አምራቹ ይለያያል። የሶቪየቶቹ ኤኬ እና የቻይናው ታይፕ 56 ክላሽ ውስጡ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ አንድ ሌሊት እርጥበት ይታገሣል። የዩጎዝላቪያው ኤም 70 የድሮዎቹ ክሮም የላቸውም፤ በዚያው ቀን ካልደረቁ በማግሥቱ ብርቱካንማ ዝገት ታያላችሁ። የጓደኛዬ ክላሽ ሁለት ቀን ቆይቶ ምንም አልሆነም ብሎ ኤም 70ን ማሳደር አይገባም። ክሮሙም ቢሆን መጉረሻውንና ዋናውን ቱቦ ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ ሞላው፣ ምላጩ አካባቢ ያሉት ብረቶችና የጋዝ ቱቦው እኩል ይዝጋሉ።

*ከተተኮሰ በኋላ ዝናብ ከመታው።* የምሥራቁ ጎራ የድሮ የጦር ሠራዊት ጥይት ብዙው እሳት ማቀጣጠያው ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ዘይትም አያሟሟውም። ስለዚህ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በዋናው ቱቦ፣ በጋዝ ቱቦውና በፒስተኑ (ከተሸካሚው ፊት በወጣው ረጅም ዘንግ) ላይ አፍስሱ፣ በብሩሽ እሹ፣ ሌላ ግማሽ ሊትር ንጹህ ሙቅ ውሃ ደግሙ። ዝናብ የመታውን እንደገና በውሃ ማጠብ ግራ ሊመስል ይችላል፤ ግን ጨውን የሚያወጣው ውሃ ነው፣ የፈላ ውሃ ደግሞ ብረቱን ስለሚያሞቀው ራሱ ቶሎ ይደርቃል።

ደረጃ 5፦ ኤም 16 እና ኤም 4 ዓይነት፣ የሰደፍ ቱቦው

በእነዚህ ጠመንጃዎች ሞላው ሆዳቸው ውስጥ አይደለም። ከሆዱ ኋላ ሰደፉ ውስጥ የገባ ረጅም የአሉሚኒየም ቱቦ አለ፤ ሞላውና በፈር የሚባለው ከባድ ዘንግ እዚያ ውስጥ ይመላለሳሉ። ጠመንጃው በተኮሰ ቁጥር በፈሩ እንደ መርፌ ስሪንጅ ወደ ኋላ ይገፋል። ቱቦው ውስጥ ውሃ ካለ የሚሄድበት ያጣል፤ በፈሩ ሳይጨርስ ይመለሳል፣ ቀለሁ አይወጣም ወይም ቀጣዩ ጥይት አይጎርስም። እንደ ጉጉፍቱ ባለ ብርድ አገር ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ ውስጥ የቀረው ውሃ ሊረጋና በፈሩን ሊይዘው ይችላል። ውሃውን ለማስወጣት አብዛኛው አምራች ከቱቦው ኋላ ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል። ቀዳዳው ከኋላ ስለሆነ የሚሠራው ሰደፉ ወደ ታች ሲሆን ብቻ ነው። አፈሙዙን ዘቅዝቆ ያነገተ ሰው ቀዳዳውን ወደ ሰማይ አድርጎታል፤ ውሃው ወደ ሆዱ ይወርዳል እንጂ አይወጣም።

5.1 ሳይፈታ ማስወጣት

ጥይት እንደሌለ በድጋሚ አረጋግጡ። ሰደፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ማቀባበያውን ከ8 እስከ 10 ጊዜ እስከ መጨረሻው ሳቡና ልቀቁ። በፈሩ ራሱ ውሃውን በቀዳዳው ይገፋዋል። ሰደፉ ኋላ ላይ ጠብታ መታየት አለበት። የሚወጣው ውሃ ቀይ ቡናማ ከሆነ ሞላው ዝጓል ማለት ነው፤ ወደ 5.2 ዝለሉ።

5.2 መፍታት

1. ከኋላ ያለውን ማያያዣ ፒን ከግራ ወደ ቀኝ ገፍታችሁ ላይኛውን ክፍል ክፈቱ፣ ቦልቱንና ማቀባበያውን አውጡ።
2. መዶሻው (ምላጭ ሲሳብ መርፌውን የሚመታው ብረት) ወደ ኋላ ተቆልምሞ መቀመጡን እዩ። ካልሆነ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ጫኑት፤ ባዶውን ወደ ፊት እንዲመታ ግን አትልቀቁት።
3. መዳፋችሁን በፈሩ ፊት አድርጉ። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ መያዣ ፒን ተጫኑ። በፈሩ ወደ ፊት ይገፋል፤ በመዳፍ ተቀብላችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውጡ። ያለ መዳፍ ከተለቀቀ ፊት ይመታል።
4. ሞላውን ስቡት። ለብቻው ተዘርግቶ ሲለካ የረጅሙ ጠመንጃ ሞላ ከ29.8 እስከ 34.3 ሴንቲ ሜትር፣ የአጭሩ ኤም 4 ዓይነት ከ25.6 እስከ 28.6 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ካጠረ ደክሟል፣ ይቀየር።
5. ከቱቦው ፊት፣ ከሆዱ ጋር በሚጋጠምበት በኩል ያለውን የቀለበት ብሎን አትንኩ። እሱ ቱቦውን ከሆዱ ጋር ይይዛል፤ ለማድረቅ መፍታት አያስፈልግም። ከተላላ ቱቦው ይዞራል፣ መያዣዋ ፒንና ሞላዋም ተፈናጥረው ይጠፋሉ።

5.3 ቀዳዳው እንዳለና እንደተከፈተ መፈተን

ባትሪ በቱቦው ፊት አብሩና ከኋላ ብርሃን እዩ። ካልታየ ሰደፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከኋላ መንጠባጠብ አለበት። ቀዳዳው ጠባብ ሲሆን ውሃው በራሱ ላይወርድ ይችላል፤ በአፋችሁ ንፉበትና እዩ። ምንም ካልወጣ ወይ ተዘግቷል ወይ መጀመሪያውኑ የለም። የሚዘጋው በረጋ ቅባት፣ በጨርቅ ብናኝ፣ በቀለምና በጭቃ ነው። ሰደፉን ጭቃ ላይ አቁሞ መደገፍ ቀዳዳውን ከሌላው ሁሉ ፈጥኖ ይዘጋዋል። በመዳብ ሽቦው ከውጭ ወደ ውስጥ ሳይሆን ከውስጥ ወደ ውጭ ጎርጉሩት፤ ቆሻሻው ቱቦው ውስጥ እንዳይቀር። የብረት መርፌ ሊሰበርና ሊቀር ይችላል።

5.4 በአምራቾች መካከል ያለው ልዩነት

የትኛው ዓይነት እንደያዛችሁ ሳታውቁ ቀዳዳ የለውም ብላችሁ አትደምድሙ።

*ቋሚ ሰደፍ ያለው ረጅሙ ኤም 16።* እዚህ ቀዳዳው የተሠራው በብሎን ውስጥ ነው። ከሰደፉ ኋላ ካሉት ሁለት ብሎኖች የላይኛው ወደ ቱቦው ይገባል፣ መሃሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበሳ ነው። ውሃው የሚወጣው በዚያ ነው። ብሎኑ ጠፍቶ በድፍን ብሎን ከተተካ ቱቦው ተደፈነ ማለት ነው፤ እጅግ የተለመደ ብልሽት ነው፣ ከውጭም አያስታውቅም። ብሎኑን በካቻቪቴ አውጡና ሽቦ አሳልፉበት። ሌላ ከተፈለገ ርዝመቱም ይታይ፦ የኤም 16 ኤ2 ሰደፍ ከድሮው ኤም 16 ኤ1 ወደ 1.6 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም ብሎኑም የተለየ ነው።

*ተንሸራታች ሰደፍ ያለው የኤም 4 ዓይነት ቱቦ።* ለሠራዊት በወጣው መለኪያ የተሠራው የውጭ ውፍረቱ 29.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ኋላው ቀጥ ያለ ነው፣ ቀዳዳውም ከኋላ መሃል ላይ ነው። ለሲቪል ገበያ የተሠራው ወደ 29.7 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ብዙውን ጊዜ ኋላው ሰያፍ ነው። በካሊፐር ለኩት። በዚህ በሲቪሉ ገበያ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ አንዱ አምራች ከኋላ አንድ ቀዳዳ ይበሳል፣ ሌላው ከሥሩም ይጨምራል፣ ሌላው ምንም አይበሳም። ስሙን አምኖ ከመቀበል በውሃው መፈተን ይሻላል።

ከቱቦው ሥር በተርታ የተሰለፉት ጉድጓዶች የሰደፉን ርዝመት ማስተካከያ መቆሚያዎች ናቸው። በአብዛኛው ውስጥ ድረስ አይዘልቁም። እነሱን አይቶ ማስወጫ አለው ማለት ስህተት ነው።

*ኤችኬ416።* የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮኽ ጠመንጃው ከውሃ እንደወጣ እንዲሠራ አስቦ ቱቦውም የቦልት ተሸካሚውም ላይ ማስወጫ ቀዳዳ አድርጓል። የእሱን ክፍል ከሌላ ጠመንጃ አምጥቶ መተካት ይህን ጥቅም ያጠፋል።

*በኋላ የተጨመረ የጎማ መደገፊያ።* ቱቦው በትክክል የተበሳ ሆኖ ሰደፉ ጫፍ ላይ የተለበጠ ጎማ ሊደፍነው ይችላል። ጎማውን አውጥታችሁ ፈትኑ።

5.5 ቀዳዳ ከሌለውስ?

ቤት ውስጥ በድሪል አትብሱት። ጠንካራውን የውጭ ልባስ ትገፍፋላችሁ፤ ውስጥ የሚቀረው ሹል ጠርዝ ሞላውን ይፍቃል፤ ብናኙ ምላጩ አካባቢ ይገባል፤ ድሪሉ ከመሃል ከሸሸ ደግሞ ቱቦውን ያዳክማል። ቀዳዳ የሌለው ቱቦ ጥገናው ቀላል ነው፤ ዝናብ በመታው ቁጥር በፈሩና ሞላው ይውጡ፣ ቱቦው በአፉ ይገልበጥ፣ ይድረቅ። ሁልጊዜ ውጭ የሚያድር ጥበቃ ከሆነ ግን ቀዳዳ ያለው ቱቦ በባለሙያ እንዲቀየርለት መጠየቅ አለበት።

ደረጃ 6፦ ማድረቅ

ሁሉንም ክፍል በደረቅ አቡጀዲ አብሱ። በዋናው ቱቦ ጨርቅ በዘንግ እየገፋችሁ አሳልፉ፤ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ቁራጭ ይፈጃል። ምላጩ አካባቢና ጠባብ ጉድጓዶቹ ውስጥ በፓምፕ ንፉ። ከዚያ ፀሐይ ካለ አንድ ሰዓት አስጡት። ፀሐይ ከሌለ፣ ደሴ ላይ በነሐሴ አብዛኛውን ቀን የለም፣ ከከሰል ምድጃው አንድ ሜትር ርቆ ደረቅ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ ከሰል ግን፣ ባያጨስም፣ ቤት ተዘግቶ አይነድም።

ምድጃው ላይ አታስቀምጡት። ሞላ በእሳት ከጋለ ጉልበቱን ያጣል፣ የሰደፉ እንጨት ይሰነጠቃል። የእንጨት ክፍሎች በዝግታ ነው የሚደርቁት፤ ሁለትና ሦስት ቀን ጥላ ቦታ ቢቆዩ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ዘይት

የሚበዛው እዚህ ነው። ለአንድ ክላሽ ከ6 እስከ 8 ጠብታ ይበቃል፦ ተሸካሚው በሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ሐዲዶች ላይ አንድ አንድ፣ በቦልቱ ጆሮዎች ላይ አንድ፣ ሞላው ላይ ሁለት በጣት ተሽቶ፣ ምላጩ ዘንግ ላይ አንድ። ዋናው ቱቦ ዘይት በነካ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይታሽ፤ ከመተኮሱ በፊት ግን በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። የጋዝ ቱቦውና ፒስተኑ ደረቅ ይሁኑ፤ ዘይት እዚያ ይቃጠልና ጥቁር ቅርፊት ይሆናል።

ለኤም 16 ዓይነት ቦልቱና ተሸካሚው ከክላሽ ትንሽ በዛ ያለ ዘይት ይፈልጋሉ። የሰደፍ ቱቦው ውስጥ ግን ዘይት አይፈስም፤ ሞላው በዘይት በነካ ጣት መታሸቱ ይበቃዋል። ቱቦው ውስጥ የፈሰሰ ዘይት ማስወጫ ቀዳዳውን ይደፍናል።

የምግብ ዘይት ይረጋና ይሞጨሞጫል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አሲድና የብረት ብናኝ አለው። የመሣሪያ ዘይት ከጠፋ ያልተነካ ንጹህ የሞተር ዘይት ለጊዜው ይሆናል። ደብሊውዲ 40 ውሃን ለማስለቀቅ ጥሩ ነው፤ ከዝገት ለረጅም ጊዜ አይጠብቅም፣ ስለዚህ ከእሱ በኋላ ዘይት ያስፈልጋል።

ደረጃ 8፦ መግጠምና መሞከር

በተገላቢጦሽ ግጠሙ። ጥይት በሌለበት፣ አፈሙዝ ወደ ደህና አቅጣጫ፣ ማቀባበያውን ሦስት ጊዜ ሳቡና ልቀቁ፤ ያለ እጅ እርዳታ በኃይል መመለስ አለበት። ምላጩን አንድ ጊዜ ሳቡ፣ የመዶሻው ድምፅ ይሰማ። እንደገና አቀባብሉ፣ መጠበቂያውን ዝጉ፣ ምላጩን ሞክሩ፤ መዶሻው መውደቅ የለበትም። ከወደቀ ጠመንጃው ለባለሙያ ይሰጥ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ተሸካሚው አልገባ ሲል፦* ቦልቱ ወደ ፊት ወጥቶ እስከ መጨረሻው አልዞረም። አውጡት፣ አስተካክሉት፣ ከዚያ ፒስተኑን መጀመሪያ የጋዝ ቱቦው መግቢያ ላይ አድርጉ።

*የላይ ክዳኑ አልዘጋ ሲል፦* ሞላው ከኋላ ጎድጎዱ ውስጥ አልተቀመጠም። በቡጢ አትምቱት።

*ማቀባበያው ቀስ ብሎ ሲመለስ፦* ክላሽ ላይ ዘይት በዝቷል ወይም ሐዲዱ ላይ ዝገት አለ። ኤም 16 ላይ መጀመሪያ የሰደፍ ቱቦውን ጠርጥሩ፤ ውሃ ወይም ዘይት ይዟል።

*በማግሥቱ ቀጭን ዝገት ሲታይ፦* ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ እሹ፣ አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ። የብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፤ ጥቁሩን ልባስ ይልጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ ዝገቱ አይቆምም።

*ደርቆ ገብቶ እንደገና ሲያላብ፦* ብርድ የነካው ብረት ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ሲያገኝ ያላባል። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ፣ ወይም ሌሊት ውጭ አድሮ ቡና የሚፈላበት ክፍል የገባ ጠመንጃ ያለ ዝናብ ይረጥባል። ቶሎ በፕላስቲክ ወይም በቆዳ ማኅደር አትክተቱት። በር አጠገብ ባለ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ይወልወል። ለማስቀመጥ የጨርቅ ማኅደር ከፕላስቲክ ይሻላል፤ እርጥብ ማኅደር ውስጥ ግን ደረቅ ጠመንጃ አይመለስም፣ ማኅደሩም ይሰጣ።

*ዝናብ ውስጥ ሥራ ላይ ሳላችሁ ማድረቅ ካልተቻለ፦* በየሁለት ሰዓቱ፣ ተረኛ ሲቀየር፣ ደረጃ 1ን እና ደረጃ 2ን ብቻ ሥሩ። ኤም 16 ዓይነት ከሆነ 5.1ን ጨምሩ። ሰደፉን ጭቃ ላይ ሳይሆን ድንጋይ ወይም ጫማችሁ ላይ አሳርፉ።